ሽማግሌ የተከራየንበት ሠርግ፦ ለፈጣን ሠርግ ጥብቅና ለቆመ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ አንብቤ ሐሳቤን እንድነግረው አንድ ጽሑፍ ሰጠኝ። ጸሐፊው በደሴና በኮምቦልቻ ለተያዘው የፈጣን ሠርግ ንግድ ጥብቅና ቆመዋል። አዳራሹን፣ ዲኮሩን፣ ቬሎውን፣ ምግቡን፣ ቪዲዮውንና መኪናውን ጠቅልሎ በአንድ ዋጋ የሚሸጠውን፣ ከጥያቄው እስከ ድግሱ ያለውን ሁሉ በሳምንትና በዐሥር ቀን የሚጨርሰውን ሥራ ማለቴ ነው። ሐሳባቸው ሲጨመቅ ይህን ይመስላል። የወሎ የድሮ ሠርግ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ይከታል፣ ፓኬጁ ግን ገንዘብና ጊዜ ይቆጥባል። በሕጉ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ፈቃድ ስለሆነ ፊርማቸው ይበቃል፣ ሽማግሌው ትርፍ ነው። ላስ ቬጋስ ለመቶ ዓመት ያህል ፈጣን ሠርግ ስትሸጥ ኖራ ምንም አልሆነችም። ወሎም ራሷ በደሞዝ ጋብቻ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ በሚገባ ትዳር፣ ፈጣን ትዳርን ታውቀዋለች። ከዐረብ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ልጆች ለረጅም ሽምግልና ጊዜ የላቸውም። ለወጣቱም የሥራ ዕድል ነው። በመጨረሻም ሠርግ የአንድ ቀን ጉዳይ ስለሆነ ትዳር የሚፈርሰው በጠባይ እንጂ በሠርጉ ዓይነት አይደለም ብለው ይደመድማሉ።

እኔ ደሴ ውስጥ ለ14 ዓመታት የአንድ ቅሬ ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። የሞተ እንቀብራለን፣ ያዘነ እናጽናናለን፣ የሚድር ሲኖር ድንኳን እንተክላለን፣ የተጣላ ሲኖር እናስታርቃለን። ከዚህም ሌላ አምና የእህቴን ልጅ በዚሁ በፓኬጅ ሠርግ ድረናታል። የምጽፈው ሁለቱንም ይዤ ነው።

ከዕዳው ልጀምር። ስለ ዕዳው ጸሐፊው እውነታቸውን ነው፤ ይህን ሳልቀበል ሌላውን ብናገር ማንም ሊያምነኝ አይገባም። ለልጁ ሠርግ በሬውን አርዶ በሰኔ የሚጠምደው ያጣ ገበሬ አውቃለሁ። ጥሎሹን ለመሙላት መሬቱን ለሦስት ክረምት አሳልፎ የሰጠም አለ። «ሰው ምን ይለኛል» የሚሉት ነገር በየቤቱ ያደረሰውን ጉዳት በመዝገቤ አይቼዋለሁ፤ በሠርጉ ማግስት የቅሬ መዋጮ መክፈል የተሳነው ሰው ስሙ እዚያ አለ።

ስሌታቸው ግን ትክክል አይደለም። የድሮውን ሠርግ ሲያሰሉ ሁሉንም በገበያ ዋጋ አሰሉት። በቅሬ ድግስ ውስጥ ገበያ የማያውቀው ብዙ ነገር አለ። ድንኳኑ የቅሬው ነው። ሰታቴው፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ አግዳሚው የቅሬው ነው። እንጀራውን በየተራ የሚጋግሩት እናቶች ናቸው። እንጨቱን የሚፈልጡት፣ ውሃውን የሚያመላልሱት፣ ሌሊቱን ድንኳኑን የሚጠብቁት የሰፈሩ ጎረምሶች ናቸው። ጠላው ከአንዱ ቤት፣ ቀሪቦው ከሌላው ቤት ይመጣል። ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ የሚሆነውን ሙስሊም ጎረቤቱ ያርድለታል፤ ወጡም በሙስሊም ሴቶች እጅ በተለየ ድስት ይሠራል። ሙስሊም ሲድርም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ይደረጋል። ማን ምን እንደረዳ እኔ እጽፋለሁ፣ በተራው ይመለስለታል። ይህ ሁሉ በብር ቢተመን ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ከማንም ኪስ በአንድ ቀን አይወጣም።

ፓኬጁ ይህን ሁሉ በራስ ቁጥር ተምኖ በብር ይሸጠዋል። እኛ የተዋዋልነው ለ150 ሰው ነበር። በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋና በመጨረሻ የከፈልነው በአንድ ሦስተኛ ያህል ተበላለጠ። ሐይቅ ዳር ለሚነሳው ፎቶ መኪና፣ ለድሮኑ፣ ለሚዜዎቹ ልብስ፣ አዳራሹ ከተባለው ሰዓት ላለፈበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ተጨማሪ ተጠየቅን። ቀብዱ እንደማይመለስ የሰማነው ከከፈልን በኋላ ነው። እህቴ የተበደረችውን ዛሬም እየከፈለች ነው። ለእኛ ቤት ፓኬጁ ዕዳ አላስቀረም፤ የተበደርንበትን ሰው ብቻ ቀየረው። ቀድሞ የምንበደረው ከጎረቤት ጉልበት ነበር፣ አሁን ግን ከአበዳሪ ብር ሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በር ላይ ካርድ ይጠየቅ ነበር። ሙሽራዋን በሕፃንነቷ እናቷ ገበያ ስትውል አዝላ ያሳደገቻት ጎረቤታችን፣ ነጠላዋን አጥባ፣ ጫማዋን ወልውላ መጥታ ካርድ ስላልያዘች ከበር ተመለሰች። ማንም ሊያስቀይማት አስቦ አይደለም፤ ሰሃኑ የተቆጠረ ስለነበር ነው። እኔ ይህን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ «ግድ የለም ልጄ» አለችኝ፤ ግን እስከ ዛሬ እህቴ ቤት ቡና አልጠጣችም።

ይህ የአንድ ቤት ቅሬታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ጥናት ልጥቀስ። በአሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ አንድሩ ፍራንሲስ ታንና ሁጎ ሚያሎን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን ከ3,000 በላይ ትዳር የያዙ ወይም ይዘው የነበሩ አሜሪካውያንን ጠይቀው ነበር። ለቀለበትና ለሠርግ ብዙ ያወጡት ይበልጥ ሲፋቱ፣ ብዙ ሰው የተገኘላቸው ደግሞ ትዳራቸው ይበልጥ ሲጸና አገኙ። ጥናቱ የሌላ አገር ነው፣ አንዱ ሌላውን ያመጣል ብሎም አያረጋግጥም። ቢሆንም ወጪው ትንሽ፣ ሰዉ ብዙ የሆነበት ሠርግ ማለት ቅሬ የሚደግሰው ዓይነት ነው። የእኛ ፓኬጅ ሰዉን ቀንሶ ወጪውን ጨመረው።

ስለዚህ ጸሐፊው እንዳይሳሳቱብኝ፦ ትንሽ ሠርግ አልተቃወምኩም። በእስልምና ነቢዩ ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ በአንድ በግም ቢሆን ደግስ ማለታቸው የታወቀ ነው። ኒካሁን፣ የጋብቻ ውሉን፣ የሚያጸናው የተጋቢዎቹ ስምምነት፣ ወልዩ (ልጅቷን የሚድረው ዘመድ)፣ ሁለቱ ምስክሮችና መህሩ (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው) ነው እንጂ የአዳራሹ መብራት አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ተክሊልና ቁርባን ስትፈጽም ዲኮር አትጠይቅም። የሚያስጨንቀኝ የድግሱ ማጠር ሳይሆን በድግሱ ፋንታ ምን እንደተሸጠልን ነው።

ፓኬጁ ለምን ገበያ እንዳገኘም አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የእኛ ቅሬ ዕቃ የነበረበት ቤት ተሰብሮ ሰታቴውም፣ ድንኳኑም፣ ወንበሩም ተወሰደ። መልሰን እስክንገዛ ሁለት ዓመት ፈጀብን። በዚያ መሃል ልጆቻቸውን የዳሩ ቤተሰቦች ወደ አዳራሽ ሄዱ። በእነሱ ላይ አልፈርድም፤ የሚተክሉት ድንኳን አልነበረንም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ፤ ሽማግሌው ትርፍ ነው የተባለው። ጸሐፊው ሕግን ጠቅሰዋልና እኔም ከሕጉ ልነሳ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል። ይህን የሚረግጥ ሽማግሌ ከእኔ ወገን አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ፈቃድ ብሎ አላቆመም። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚጋቡ ሰዎች ሐሳባቸውን ቢያንስ ከ1 ወር በፊት እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። ሹሙ ማስታወቂያ ያወጣል፤ መቃወሚያ ያለው ሰው እንዲቀርብ ነው። በዕለቱም ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምስክር ይቆማል። እኛን የሚገዛው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ደግሞ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው እንዳያገባ ከልክሎ፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ ከመዘጋጃው እኩል ያውቃል። ሕጉ ራሱ ጊዜና ምስክር የፈለገው ጋብቻ ሲቸኩል የሚደበቅ ነገር እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

በፍቺም ላይ እንዲሁ ነው። ባልና ሚስት እንፋታ ብለው ሲቀርቡ ፍርድ ቤቱ ወዲያው አያሰናብታቸውም። ያነጋግራቸዋል፤ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች ጉዳያቸው እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል፤ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። ጸሐፊው ይህን ይመልሱልኝ፦ በሠርጉ ቀን ሽማግሌ ያልነበረው ጥንድ ዳኛው ሽማግሌ ጥሩ ሲለው ማንን ይጠራል?

ይህን የምጠይቀው ደርሶብኝ ነው። የእህቴ ልጅ እጮኛ ከውጭ ለዕረፍት የመጣ ልጅ ነበር። ዘመዶቼ ሩቅ ናቸው፣ ጊዜም የለኝም አለ። ሽማግሌ ሆነው የመጡት ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጭራቸውን ይዘው ገቡ። አነጋገራቸው ያማረ ነበር። ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ጠየቁ፣ አባት ዝም ሲል በአገሩ ወግ ደገሙ፣ ተፈቀደላቸው፣ መረቁ፣ እኔም አሚን አልኩ። በአምስተኛው ወር ልጅቷ ልብሷን በፌስታል ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ነገሩ የሚታረቅ ነው፤ አልተመታችም፣ የገንዘብና የቃል ጸብ ነው። የልጁን ሽማግሌዎች ልፈልግ ተነሳሁ። የአንዱን ስልክ ያገኘሁት ሠርጉን ካዘጋጀው ቤት ሠራተኛ ነው። ሰውየው በትሕትና አነጋገረኝ። «ጋሼ፣ እኔ ልጁን አላውቀውም። ለዚያ ቀን ተጠርቼ ነው የሄድኩት፣ ተከፍሎኛል» አለኝ።

ወደ ውሉ ተመልሼ አነበብኩት። «ባህላዊ ሥነ ሥርዓት» የሚል አንድ መስመር ነበረበት፣ ዋጋውም ከአበባው ቀጥሎ ተጽፏል። እኛ ያን መስመር ያነበብነው ለሙዚቃና ለአለባበስ መስሎን ነው።

ሰውየውን አልወቅሰውም፤ የተቀጠረበትን ሠርቷል። ጥፋቱ የእኔም ነው። አጎት ነኝ፣ የቅሬ ጸሐፊ ነኝ፣ የስንቱን ሰው ልጅ ሳጣራ ኖሬ የራሴን እህት ልጅ ጋብቻ ሳላጣራ አሚን ብያለሁ። ግን ጸሐፊው ትርፍ ያሉት ነገር ምን እንደነበር የገባኝ ያን ቀን ነው። የወሎ ሽማግሌ ለመናገር ብቻ አይላክም። ከመላኩ በፊት ይጠይቃል። ልጁ የማን ልጅ ነው፣ ሌላ ሚስት አለችው ወይ፣ ዝምድናቸው ስንተኛ ቤት ላይ ነው፣ ዕዳው፣ ጤናው፣ አመሉ። ሸህና ቄስ አብረው የሚላኩበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ በሁለቱም በኩል የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር። ከተላከ በኋላ ደግሞ ዋስ ነው። ባልየው ሲያጠፋ የሚመጣው፣ «እኔን አዋርደኸኛል» የሚለው እሱ ነው። የተከራየ ሽማግሌ ማንም አላዋረደውም።

ይህን ስል የድሮው ሽምግልና ንጹሕ ነበር አልልም። ገና ያልደረሰች ልጅ በሽማግሌ ምርቃት ተድራለች፤ አንዳንዶቹ መራቂዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ሲያስቀጣ የሚመለከተው እንዲህ ያለውንም ነው። ልጅቷ ሳትጠየቅ አባትና ሽማግሌ ተነጋግረው የጨረሱት ትዳር ቁጥር የለውም። ይህ መታረም አለበት፣ በብዙ ቅሬ እየታረመም ነው፤ እኛ ዘንድ አሁን ልጅቷ ራሷ ሳትናገር ሽማግሌ መልስ አይወስድም። ነገር ግን በችኮላ የሚያልፍ ሠርግ ይህን በደል አይከላከልም። የልጅቷን ዕድሜ የሚያውቀው መምህሯ፣ ጎረቤቷ፣ ያዋለዳት ሰው ነው። እነዚህ ከበር የተመለሱበት አዳራሽ ውስጥ የ16 ዓመቷን ልጅ 18 የሚያደርጋት ሜካፕ ብቻ ነው።

ፊርማ ይበቃል የሚለውንም አላለፍኩትም። ወሎ ውስጥ ሆኖ ይህን ማለት ከባድ ነው። በ1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ ሁለት የተለያየ ነገር ይል ነበር፤ መዘዙ እስከ ዓድዋ ሄደ። ሁለት ሰዎች አንድ ወረቀት ላይ ፈርመው የተለያየ ነገር ሊያስቡ ይችላሉ። አንዱ ሚስት አገኘሁ ይላል፣ ሌላዋ መኖሪያ ፈቃድ አገኘሁ ትላለች፤ ወይም የተገላቢጦሽ። ተቀምጦ ያነጋገራቸው ሰው ከሌለ ልዩነቱ የሚታወቀው ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ጸሐፊው በጣም የተመኩት በላስ ቬጋስ ነውና ታሪኩን ሙሉውን እንየው። በ1927 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ የጋብቻ ፈቃድ የጠየቀ ሰው 3 ቀን እንዲቆይ የሚያዝ ሕግ አወጣች፤ በስካር የሚጋቡትን ለማገድ ነበር። መቆየት ያልፈለጉት ድንበር ተሻግረው የመቆያ ጊዜ ወደሌላት ኔቫዳ ሄዱ። በ1931 ኔቫዳ በዚያው በአንዱ ዓመት ሁለት ነገር አደረገች፤ ቁማርን ፈቀደች፣ ለመፋታት የሚያስፈልገውን የነዋሪነት ጊዜም ወደ 6 ሳምንት አወረደች። ፈጣኑን ጋብቻና ፈጣኑን ፍቺ የሸጠችው ያችው አንዲት ግዛት ናት። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ነግረውን ሁለተኛውን ተዉት። ዛሬም የላስ ቬጋስ የጋብቻ ፈቃድ ቢሮ በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው፤ ከመኪና ሳይወርዱ የሚጋቡበት ቤትም አለ።

ምንም አልሆነችም ለማለት ደግሞ ውጤቱን ያየ ሰው ያስፈልጋል። እዚያ ከሚጋቡት ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ መጥተው፣ ተጋብተው ይሄዳሉ። ሲጣሉ የሚካሰሱት በየአገራቸው ነው፤ ልጁን የሚያሳድገው፣ የሚያስታርቀው፣ የሚያዝነው የየአገራቸው ሰው ነው። ሻጩ ከተማ ገንዘቡን እንጂ ውጤቱን አታይም። እኛ ያን የምናደርግበት መንገድ የለም። ደሴ ላይ የተዳረችው ልጅ የምትመለሰው ደሴ ነው፣ በፌስታል ልብሷን ይዛ።

እንግሊዞችም ይህን አይተውታል። በ1754 የጸናው የጋብቻ ሕግ ሲጠብቅባቸው ጥንዶች ስኮትላንድ ድንበር ላይ ወዳለችው ግሬትና ግሪን እየሸሹ፣ በአንጥረኛ ቤት በገንዘብ ይጋቡ ነበር። ይህን ገበያ ያቀዘቀዘው ክልከላ አይደለም። በ1856 የወጣው ሕግ ከሁለቱ አንዳቸው አስቀድመው 21 ቀን ስኮትላንድ ውስጥ ይኑሩ አለ፤ ይኸው ነው። ሦስት ሳምንት መቆየት ብቻ ብዙውን ሰው ወደ ቤቱ መለሰው።

ስለ ደሞዝ ጋብቻ የተባለው አጭር መልስ ይበቃዋል። ደሞዝ ነበር፣ በወሎ ብቻም አይደለም። ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ከቤቱ ርቆ የሚኖረው ሰው ለተወሰነ ጊዜ በተወሰነ ክፍያ የሚገባበት ውል ነው። ግን ማንም ደሞዝን ሰማንያ ብሎ አልጠራውም። ሁለቱም ምን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሰማንያ ሲሆን ምስክር ይቆማል፣ ዋስ ይጠራል፣ ሀብቱ ይነገራል። በደሞዝ የኖሩት ሴቶች ደግሞ ውሉ ሲያልቅ ምን ይዘው እንደወጡ ቢጠየቁ ጸሐፊው ይህን ምሳሌ ባላነሱት ነበር።

ከዐረብ አገር የሚመጡትን ልጆች በተመለከተ ግን ቆም ብዬ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በቅንነት ያሰቡላቸው ይመስለኛል። ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከወልዲያ ሄደው ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ስንት እንደሆኑ ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም። አንዳንዷ በኮንትራት ትሄዳለች፤ አንዳንዷ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ፣ በየመን በኩል ነፍሷን ሸጣ ትሄዳለች። ለዓመታት ሠርታ ለአንድ ወር ትመጣለች። በዚያ ወር ውስጥ ማግባት ትፈልጋለች፤ መብቷ ነው፣ ዕድሜዋም እየሄደ ነው። ደላላውም፣ ፓኬጅ ሻጩም፣ ባል ነኝ ባዩም የምትመጣበትን ቀን ያውቁታል። ፈጣን ሠርግ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እሷን ነው፤ ምክንያቱም የሚወሰድባት ነገር ያላት እሷ ናት።

በቅሬያችን የደረሰ ነው። አንዲት ልጅ በ20 ቀን ተዋውቃ፣ ተጠይቃ፣ ተዳረች፤ ሠርጉን የከፈለችው ራሷ ናት። በሁለተኛው ወር ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ ደሞዟንም ለባሏ መላክ ጀመረች። ገንዘቡ ይገባ የነበረው ሌላ ሚስትና ሁለት ልጆች ወዳሉበት ቤት ነበር። ሕጉ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ይከለክላል፤ ክልከላው ግን የጠቀማት ነገሩ ከታወቀ በኋላ ነው፣ ያውም ሦስት ዓመት ሙሉ ከላከች በኋላ። ይህን ለማወቅ አንድ ሽማግሌ የሰውየው አገር አንድ የገበያ ቀን ወርዶ ቢጠይቅ ይበቃ ነበር። ልጅቷ አሁንም እዚያው ናት። ለእናቷ ስትደውል ስለ እሱ አታነሳም።

ጊዜ የለም ለሚለው መልስ አለን። ሽምግልናው ልጅቷ እስክትመጣ መጠበቅ የለበትም። ስልክ አለ፤ ከልጁ ጋር ስትነጋገር ከቆየች ስሙን፣ አገሩን፣ የአባቱን ስም ለእናቷ ትንገር። እኛ እሷ እዚያ እያለች እንጠይቃለን፣ ሽማግሌ እንልካለን፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይገናኛል። ባለፉት ሁለት ዓመታት በቅሬያችን ሁለት ልጆችን እንዲህ ድረናል። ድግሱ ከመጣች በዐሥረኛው ቀን ሆነ፤ አንደኛዋ ቬሎም ለብሳለች፣ ቪዲዮም አስቀርጻለች። ለዚህ ማንም አልተቃወመም። የሚቻለው ድግሱን ማፍጠን ነው፤ ማጣራቱን ግን ማፍጠን ማለት መተው ነው።

ስለ ሥራ ዕድሉ፦ ዲኮር የሚሠሩ፣ ኬክ የሚጋግሩ፣ ፎቶ የሚያነሱ ወጣቶች በእውነት እንጀራ እየበሉ ነው፣ ይብሉ። ከእነሱ ጋር ጸብ የለኝም። ቅሬያችን ራሱ አሁን ለፎቶና ለመጋረጃ የሚጠራው የሰፈሩን ልጆች ነው። ከውሉ ላይ እንዲወጣ የምፈልገው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሽማግሌው።

የቀረው፣ ሠርግ የአንድ ቀን ነው፣ ትዳር የሚፈርሰው በጠባይ ነው የሚለው ነው። ጠባይ ትዳርን ያውካል፤ እውነት ነው። የማን ትዳር ነው ያልታወከው? እኔና ባለቤቴ 26 ዓመት ስንኖር ሦስት ጊዜ ተኳርፈን ሽማግሌ ገብቶብናል። ሦስቱንም ጊዜ የመጡት ያው ልጃችሁን ለልጃችን ያሉት ሰዎች ናቸው፤ በሦስተኛው ጊዜ አንደኛው ሞተው ልጃቸው ተተክቶ መጣ። የእኛ ሠርግ ምግቡ ምን እንደነበር አላስታውስም። እነዚያ ሰዎች ግን ስማቸው ቤታችን ውስጥ አለ።

የእህቴን ልጅ ጉዳይ አልተውኩትም። ባለፈው ወር አምባሰል ውስጥ ከሚገኝ የአንድ ቅሬ ሰብሳቢ ጋር ተዋውቄ፣ ስም በስም እየተጠያየቅን የባሏን አጎት አገኘናቸው። ገጠር ውስጥ ናቸው፤ ከአስፋልቱ ወርጄ ሁለት ሰዓት በእግር ሄድኩ። ተቀበሉኝ፣ ቡና ተፈላ። አቦሉን ጠጥተን የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ልጃችን አግብቷል?» ብለው ጠየቁኝ።

ለመጪው ማክሰኞ ተቀጣጥረናል። እሳቸው ልጁን ደውለው ያመጡታል፣ እኔ ልጅቷን አመጣለሁ። ከበር የተመለሰችውንም ጎረቤታችንን ለምኛታለሁ፤ እመጣለሁ ብላለች።